የሞተሩ ጥፋት

መኪናችንን የሚያበላሻት አጎቴ ነው ብዬ ምሳ ላይ፣ ሁሉም በተቀመጠበት፣ ጮክ ብዬ የተናገርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማስረጃ ነበረኝ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ካየሁትና ከሰማሁት ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። የተሳሳተው እኔ የገጣጠምኩበት መንገድ ነው።

አባዬ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ቀን ሙሉ ከፎቅ ፎቅ ሲዞር፣ በጨለማ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲሠራ ይውላል፤ ቤት ሲመለስ ደግሞ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወደ ግቢያችን ጥግ ይሄዳል። እዚያ ሞተሯ የተቃጠለ አሮጌ መኪና ነበረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድ ዕቃዋን ዘርግፎ ሠራት። የተቃጠለውን አውጥቶ ከአንድ መጋዘን የተጣለ የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባላት፤ የነዳጅ ታንክ በነበረበት ቦታ ባትሪ ደረደረላት። የጨረሰ ቀን ቁልፉን ሲያዞረው ከኮፈኑ ሥር "ጠቅ" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ ኮሽ ሳትል ከግቢ ወጣች። የሰፈሩ ሰው ስሟን "ዝምተኛዋ" አላት። እኔ በበኩሌ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአባዬ በላይ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም ብዬ ደመደምኩ።

አጎቴ ብቻ አልተደነቀም። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ የታክሲ ሹፌር። ሁልጊዜ ያፏጫል፣ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ሲቀመጥም ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ዝምተኛዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ "ጋሼ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ መሪ ገጠምክባት እኮ!" አለ። ሁሉም ሳቀ፤ አባዬም ጭምር። እኔ አልሳቅኩም። ቀንቷል አልኩ በልቤ። ቤንዚን የማትጠጣ መኪና ያየ ሹፌር ባይቀና ነው የሚገርመው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አባዬ ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ ጋቢና አስቀምጦኝ ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። ሊፍት ተቆልፎባቸው ስለነበሩ አንዲት አሮጊት ይነግረኛል። እሱ ከላይ ሆኖ "አይዞዎት እናቴ" ሲላቸው፣ "አይዞዎትህን ተወውና ክፈተው!" ብለው ጮኹበት አሉ። "እኔማ ያን ጊዜ..." አለና አቆመ።

ቀሪውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ዞር ብዬ ሳየው ፊት ለፊቱን ይመለከታል። ከንፈሩ ማስቲካ እንደሚያኝክ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። እያሰበ ነው አልኩ። ያን ሰሞን ብዙ ያስብ ነበር። ማንኪያውን አፉ ድረስ አምጥቶ ያስባል፤ አንድ እግሩን ካልሲ ውስጥ ከትቶ ያስባል። እንዲህ ሲሆን እማዬ ወሬዋን ታቆምና የእጅ ሰዓቷን ታያለች። ሥራ እንዳይረፍድበት ይሆናል እል ነበር።

ከዚያ ዝምተኛዋ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፤ ቀጭን፣ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ዛፎቹ፣ ግንቡ፣ ዳቦ የተሸከመው ሰውዬ በጎናችን ሽው ሽው አሉ። "አባዬ!" አልኩ። "አባዬ! አባዬ!" አልሰማኝም። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እኛ አልታጠፍንም። ቤት የሚሠሩ ሰዎች ያፈሰሱት የአሸዋ ክምር ውስጥ እስከ መስኮታችን ገባን።

ጸጥ አለ። አሸዋው በመስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። አባዬ ዓይኑን ሁለት ሦስት ጊዜ አርገበገበና ወደ እኔ ዞረ።

"ደረስን?" አለ።

ቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አካፋ የያዙት ሰዎች ሮጠው መጡ። አንዱ በሬን ከፍቶ ሲያወጣኝ ሌላው አባዬን፣ "ምን ነካህ ወንድሜ? ፍሬን የላትም እንዴ?" አለው። አባዬ አሸዋውን አየ፣ መሪውን አየ፣ እኔን አየ። ቀስ ብሎ፣ "ሞተሩ ነው" አለ። "በራሱ ሮጠ።"

"በራሱ ሮጠ!" አልኩ እኔም፣ ለሁሉም እንዲሰማ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝምተኛዋ እንደገና ሆዷ ተከፈተ። አባዬ የፊት እግሯን በጉማጅ እንጨት ላይ አንሥቶ ጎማዋን በባዶ ያሽከረክራል። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ይዞ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ለካ፤ ሁሉም ጤነኛ ናቸው። ሽቦዎቹን እየወዘወዘ መረመረ፤ የላላ የለም። በእግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ ቤንዚን ሳይኖራት "ቤንዚን መስጫ" የሚለውን፣ ፈትቶ በአዲስ ቀየረው። "አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ ሞክር፤ ሁለት ከቀየርክ የትኛው እንደነበር በምን ታውቃለህ?" እያለ ለራሱ ያወራል። ሞተሩን ሲያስነሣው ልክ እንደታዘዘው ይሽከረከራል፤ ፍጠን ሲለው ይፈጥናል፣ ቁም ሲለው ይቆማል። አባዬ ይህን ሲያይ ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ ይጠቁራል።

አጎቴ በዚያ ሳምንት መመላለስ አበዛ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። አላፏጨም።

"ሚጣ፣ ያን ዕለት አባትሽን ጠርተሽው ነበር?"

"የት?"

"መኪናዋ ስትሮጥ። ጠርተሽው ነበር ወይ? መለሰልሽ?"

ጥያቄው አልጣመኝም። ሞተሩ ምን ሆነ የሚል ሰው ስለ ሞተሩ ይጠይቃል እንጂ ስለ እኔና ስለ አባዬ ምን አገባው? "አላስታውስም" አልኩና ደብተሬን ከደንኩ። ትክ ብሎ አየኝ። እኔም ትክ ብዬ አየሁት።

በማግስቱ ውኃ ልጠጣ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ የሱንና የእማዬን ድምፅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል።

"ዛሬም ያዘው?" ይላል አጎቴ።

"ጠዋት" አለች እማዬ። "ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ቀጥ ብሎ ይቀርና ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።"

"ለባለሙያ ይታይ ስል እኮ ከረምኩ።"

"አይሆንም አለኝ። ሥራ ቦታ ከሰሙ አለቀ፣ ማን ያስጠጋዋል?"

"እንግዲያውስ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን። እንዲህማ አይቀጥልም።"

ሞተር "ያዘ" ሲባል አውቃለሁ፤ አባዬም፣ ጋራዥ ያሉትም ይሉታል። ስለ ሞተራችን ነው የሚያወሩት አልኩ። ሥራ ቦታ ከሰሙ አለቀ የሚለው ግራ ገባኝ፤ ስመዝነው ቆይቼ፣ ሞተሩ የአባዬ መሥሪያ ቤት ንብረት ቢሆን ነው፣ ካወቁ ሊወስዱት ነው አልኩ። አጎቴም ይህን ምሥጢር ይዟል። "ሌላ ዘዴ" የሚለው ቃል ግን ከሁሉ በላይ አስፈራኝ። ውኃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

አሁን እኔም የልጅ እናት ነኝ፤ ያን ወጥ ቤት ሳስበው እማዬ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ስትታገል ይታየኛል። በልጅነቴ የሰማሁት ሹክሹክታውን ብቻ ነበር። የምትታገለው እንዳታለቅስ እንደነበር የነገረችኝ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት አባዬ መኪናዋን እንሞክራት ብሎ ቦርሳዬን የኋላ ወንበር ላይ ጣለ። ቁልፉን አዞረ። "ጠቅ" አላለም። ደግሞ አዞረ። ምንም። ኮፈኑን ከፍቶ ሲፈልግ ወደ ዋናው ማብሪያ የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ከቦታዋ ወልቃለች። "ስወዘውዛት አላልቻት ይሆናል" ብሎ መለሳት፤ እኔ ግን ረፍዶብኝ በእግሬ ሄድኩ። ረቡዕ ሌላ ሽቦ ወለቀ። ሐሙስ ደግሞ አንድ ትንሽ ፊውዝ ከነአካቴው ጠፋች። ማታ ደህና የነበረች መኪና ጠዋት ከግቢ አትወጣም። አባዬ ወገቡን ይዞ ቆሞ ሲያያት፣ "ይሄኛውስ የሞተር አይደለም" ሲል ሰማሁት።

አርብ መምህራችን ታማ በጊዜ ለቀቁን። የግቢያችን በር ላይ ስደርስ እማዬ መንገዱን እያየች ቆማለች። ሥራ ላይ መሆን ነበረባት፤ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። እኔን ስታይ ደነገጠች። ከኋላዋ የዝምተኛዋ ኮፈን ተከፍቷል፤ አጎቴ እስከ ትከሻው ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ በእጁ ፒንሳ ይዟል።

"ምን ያደርጋል?" አልኩ።

"ባትሪውን... ያየዋል" አለች እማዬ። "ነይ ግቢ፣ ምሳሽን ብዪ።"

እናቴ ስትዋሽ አይቼ ስለማላውቅ መዋሸቷን ለማወቅ አልተቸገርኩም። ጆሮዋ ቀላ። ግን እማዬ በአባዬ ላይ ልትነሣ አትችልም፤ ይሄ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ወንድሟ አታሏታል አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ምስጢሩን እንደ ትኩስ ድንች አፌ ውስጥ ይዤ ዞርኩ፤ አልዋጥ አለኝ፣ አልተፋ አለኝ።

እሑድ ምሳ ላይ አጎቴ እንደ ልማዱ መጣ። አባዬ ስለ ሽቦዎቹ እያወራ፣ "አይጥ ትሆን እንዴ?" ሲል አጎቴ ሳህኑን እያየ፣ "ምን ታውቃለህ፣ አይጥ ትሆናለች" አለ። ያኔ አልቻልኩም።

"አይጥ አይደለም! አንተ ነህ! አርብ አይቼሃለሁ! በፒንሳ ሽቦዋን ስትነቅል!"

አባዬ ወደ እኔ አላየም። ወደ አጎቴ ነው ያየው።

"እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው" አለ አጎቴ። "መንገድ ላይ እንድትቆም አላደረግኩም። ከግቢ እንዳትወጣ ነው።"

"በኔ መኪና ላይ? በኔ ግቢ?"

"ጋሼ፣ በልመና አልሰማህም እኮ። እሷም ለምናሃለች፣ እኔም..."

"ተነሥ ውጣ!"

"ስማው እንጂ፣ በእናትህ" አለች እማዬ። አባዬ ዞሮ ሲያያት አንገቷን ደፋች። ከዚህ ለእሱ የገባው ነገር ለኔ አልገባኝም። ሳህኑን ከፊቱ ገፋው።

አጎቴ ተነሥቶ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣ። አላሽከረከረውም። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና፣ "እሺ፣ ወጣሁ። መንዳትህን ንዳ። ልጅቷን ግን አታስገባት" አለ።

እዩልኝ ክፋቱን አልኩ። በዝምተኛዋ እንዳልሄድ ነው የፈለገው! በሩ ሲዘጋ ያሸነፍኩ መስሎኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። እማዬ ግን ሳህኖቹን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ለረጅም ጊዜ አልወጣችም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ አባዬ ግቢ ጠራኝ። አሮጌ ላፕቶፑን የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀምጧል፤ አንድ ገመድ ከላፕቶፑ ወደ ኮፈኑ ውስጥ ይገባል። ሞተሩን የምታዘው የብረት ሣጥን በየጉዞው የሆነውን ሁሉ ትመዘግባለች፤ መቼ ተረገጠች፣ በምን ያህል ፈጠነች፣ መቼ ፍሬን ተያዘ። በስክሪኑ ላይ ቁጥሮች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል።

"ነይ እስቲ ሚጣ። ያን ማክሰኞ፣ አሸዋው ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ እኔ ምን እያደረግኩ ነበር?"

ድምፁ ዝግ ያለ ነው። እንደ ምስክር ነው የተጠራሁት። አጎቴን የሚያጋልጥበት የመጨረሻ ማስረጃ ከኔ እንደሚፈልግ እርግጠኛ ነበርኩ። እውነቱን ብነግረውስ? ያስብ ነበር፣ ስጠራው አልሰማኝም፣ ከንፈሩን ያኝክ ነበር ብልስ? ያ አባዬን የሚያሳማ ነገር መሰለኝ። ልጁ መኪና ውስጥ ሆና እየጠራችው በሐሳብ የሚሄድ አባት ማን ይወዳል?

"ፍሬን ትረግጥ ነበር" አልኩ። "በጣም ትረግጥ ነበር። 'እምቢ አለኝ፣ እምቢ አለኝ' እያልክ ትጮህ ነበር።"

"እጮህ ነበር?"

"አዎ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሙት!"

አባዬ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ በኩል የፍሬኑን ፔዳል በእጁ ተጫነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ዜሮ ወደ አንድ ተቀየረች። ለቀቀው፤ ዜሮ ሆነች። እንደገና ተጫነው። አንድ። ለቀቀው። ዜሮ።

"ይሠራል" አለ።

"ይሠራል!" አልኩ ደስ ብሎኝ።

ከዚያ ወደ ማክሰኞዎቹ ረድፎች ወጣ። ያን ዓምድ ካደግኩ በኋላ እኔም አይቼዋለሁ፤ ፋይሉን እስካሁን አላጠፋውም። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። በአሥራ አንዱም ሰከንድ ቤንዚን መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጧል። ፍሬኑ ከላይ እስከ ታች ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። ፔዳሉ ሐሰት ተናግሮ ሊሆን ይችላል ብሎ ቀይሮታል። ሽቦው ነው ብሎ ወዝውዞታል። ሞተሩ በራሱ የሮጠበት ጤነኛ ሹፌር ግን ሳያስበው ፍሬን ይረግጣል፤ እሱ ደግሞ ስለነዚያ አሥራ አንድ ሰከንዶች አንዲትም ነገር አያስታውስም ነበር። ሁሉን አንድ በአንድ ቀይሮ ሞክሮ፣ ያልመረመረው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነው እኔን የጠራኝ።

አባዬ ላፕቶፑን ከደነው። ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ፤ መዳፉ ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

"እንዲህ ያልሺው ለኔ ብለሽ ነው?"

ጥያቄው በደንብ አልገባኝም። ግን ያን ሰሞን የማደርገው ሁሉ ለሱ ስል ስለነበር፣ "አዎ" አልኩት።

"እናትሽም ለኔ ብላ" አለ፤ ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስላል። "ያም ለኔ ብሎ። አሁን ደግሞ አንቺ።" ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን መታጠብ ጀመረ። ሳሙናው አልቆ፣ ግራሶው ሁሉ ለቆ፣ ውኃው ንጹሕ ሆኖ ሲወርድ እንኳ መታጠቡን አላቆመም።

በመጨረሻ የታየው ሐኪም ሳይወድቅ ለአፍታ ራሱን የሚያስት የሚጥል በሽታ ነው ማለቱን፣ ያዘዘለትን ነጭ ክኒን፣ ከሊፍት ጉድጓድ ወጥቶ ወርክሾፕ ውስጥ ዕቃ መጠገን እንደጀመረ፣ ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅኩት። ያኔ ግን አባዬ "ዕድገት" አገኘ ተባልኩ። እኔም ለጓደኞቼ ዕድገት አገኘ ብዬ አወራሁ።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አጎቴ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ይባስ ብሎ አባዬ የዝምተኛዋን ቁልፍ አወጣና በመዳፉ ላይ ትንሽ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ለአጎቴ ሰጠው። አጎቴ ትከሻውን ሊነካው እጁን ዘርግቶ፣ ሐሳቡን ቀይሮ በሩን ከፈተለት። አባዬ ዞሮ በሹፌሩ ጎን፣ በኔ ቦታ ተቀመጠ። እኔ ወደ ኋላ ወንበር ተወረወርኩ።

ቁልፉ ዞረ። "ጠቅ" አለች። አጎቴ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አዲስ ተማሪ ይመስል ፔዳሎቹን ጎንበስ ብሎ አየ። ደሜ ፈላ።

"አባዬ፣ ብልሽቱ ተገኘ?"

"ተገኘ።"

"የት ነበር?"

አባዬ ወደ ፊት እያየ ትንሽ ዝም አለ። ይህኛው ዝምታ ግን ሌላ ነበር፤ ዓይኑ ከኛ ጋር ነበር።

"መሪው ጋ" አለ።

መሪው ጋ ማን እንዳለ አየሁ። መሪውን የያዙትን የአጎቴን እጆች፣ ቤንዚን የጠገበ ጃኬቱን፣ ማጅራቱን አየሁ። ይኸው፣ አባዬ ራሱ መሰከረ።

"እኔ አውቄው ነበር!" ብዬ ጮኽኩ። "ከመጀመሪያው አውቄው ነበር!"

አጎቴ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አባዬም ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አጎቴ ካቆመ በኋላም እሱ አላቆመም። በመጨረሻ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ፣ ቀበቶውን አሠረ፣ ወደ አጎቴ ሳይዞርም፣ "በል፣ ንዳ" አለው።